የወንድሜ ሰማያዊ ሳጥን

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «በረዶ» ነው የሚለው። ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ስለ ቅዝቃዜ ከሱ ጋር መከራከር ከግድግዳ ጋር መነታረክ ነው። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም አለብኝ፤ ያለ ኢንሱሊን ውዬ አላድርም። ኢንሱሊን ደግሞ ፀሐይ አይወድም። ስለዚህ በሞቃት ቀን ስሮጥ ወንድሜ መድኃኒቴን በሰማያዊ ሳጥን ይዞ ይከተለኛል። ሳጥኑን ማንም እንዲነካበት አይፈልግም።

የዚያን ቀን የፋብሪካዎች የዱላ ቅብብል ነበር። የልብስ ስፌት ክፍላችን የመጨረሻውን ዙር ለእኔ ሰጥቶኛል። አሰልጣኛችን በዚህ ሐሩር ትችያለሽ ወይ ብላ ስትጠይቀኝ፣ የምቆመው ሰውነቴ ቁሚ ሲለኝ እንጂ ፀሐይ ስለወጣች አይደለም አልኳት። ሳቀችና ስሜን ጻፈች። ያንን ዙር ምን ያህል እንደፈለግኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ሜዳው ዳር ቁርሴን ከመብላቴ በፊት ሳጥኑን ከፈተልኝ። ሙቀቱን ፈርቶ ብልቃጡን በሁለት የበረዶ ጡቦች መሃል አጣብቆታል። ወደ ብርሃን አንስቼ አየሁት፤ መድኃኒቱ በረዶ ሠርቷል። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይሄ ነው።

እሱ ግን አልደነገጠም። ሲቀልጥ እንደ ድሮው ይሆናል፣ የቅዝቃዜን ነገር ለእኔ ተይው አለ። ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሠራ ቢቀልጥም እንደማይታመን፣ መጣል ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። ያኔ ፊቱ ጠቆረ። ብልቃጡን ተቀብሎኝ በመዳፉ ጨብጦ ቆመ።

«በቃ አትሮጪም» አለኝ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ ለአሰልጣኟም ራሴ እነግራታለሁ።»

«እሮጣለሁ» አልኩት።

ከዚያ ያልወደድኩትን ነገር አደረግኩ። ከቦርሳዬ ሥር በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ሌላ ብልቃጥ አወጣሁ። ስኳሬን ለካሁ፤ በሙቀትና በሩጫ መድኃኒቱ ስለሚበረታ ሐኪሜ እንዳስተማረችኝ መጠኑን ቀንሼ፣ የምሮጥበትን እግር ትቼ ሆዴ ላይ ተወጋሁ። ወንድሜ ዓይኑ ጨርቁ ላይ ነበር። ከመታጠብ ብዛት ሳስቷል።

«ይሄን ከመቼ ጀምሮ ነው የምትይዢው?»

«ከመጀመሪያው።»

መዋሸት እችል ነበር፤ ግን ሕመሙ የኔ ነው፣ መድኃኒቴን ለሰው ትቼ አላውቅም። እሱ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለና አንገቱን ደፋ። አንጀቴን በላው።

ቁርሴን በልቼ ሳሟሙቅ በላብ ተጠመቅኩ። ሙቀት ይሁን የስኳር መውረድ ከላቡ አይለይም። ለካሁ፤ ወርዷል። ጥላ ሥር ተቀምጬ ጭማቂዬን ጠጣሁ። ወንድሜ ከሩቅ አይቶኝ ብድግ አለ፤ ተመልሶም ተቀመጠ። ወትሮ ሜዳውን አቋርጦ ይደርስልኝ ነበር። ረጋ ብዬ ጠብቄ ደግሜ ስለካ ስኳሬ ተመልሷል፤ ወደ መስመሬ ገባሁ።

ዱላውን አራተኛ ሆኜ ተቀብዬ ሁለተኛ ገባሁ። ለሌላው ሁለተኛ ነው፤ ለእኔ ከበቂም በላይ ነው።

ቡድናችን እንዳለ ሳጥኑን ከበበው። በረዶው ቀልጦ ቀዝቃዛ ውሃ ሆኗል፣ ወንድሜ የጨመራቸው የመጠጥ ጠርሙሶች ውስጡ ተነክረዋል። ወንድሜ አንገቱን እንደደፋ ለእኔ መጀመሪያ አቀበለኝ።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን ነበር የምሸከመው?» አለኝ።

«መድኃኒቱን እኔ እይዛለሁ፣ ወንድምዓለም» አልኩት። «ሩቅ የምሮጠው ግን አንተ ከኋላዬ ስላለህ ነው።»

የተበላሸውን ብልቃጥ ከኪሱ አውጥቶ በእጄ አስቀመጠ። ከዚያ አንዷ ስፌተኛ ጠርሙስ ልታወጣ እጇን ስትሰድ ክዳኑን ያዘባት፤ ተራሽን ጠብቂ፣ እኔ ነኝ የማድለው አላት።