እርጥቡ ወለል

አናጢው መሰርሰሪያውን ከግድግዳው ነቅሎ ቀዳዳውን እፍ አለው። አቧራው ዓይኑ ውስጥ ገባ። ከውጭው በር እስከ ሳሎኑ ባለችው ጠባብ መግቢያ ላይ የጫማ መደርደሪያ፣ ከበላዩ የካፖርትና የዣንጥላ መስቀያ፣ ከጎኑም ቁጭ ብለው ጫማ የሚያወልቁበት አግዳሚ ለመሥራት ከጧት ጀምሮ ጎንበስ ቀና ሲል ነው የዋለው። ሚስቱ ሦስት ክረምት ሙሉ ለምናዋለች። እሱ ግን የሰው ቤት ሲያሳምር የራሱን "ነገ፣ ነገ" እያለ አቆየው። ነገ የመጣው እናቱ እዚሁ መግቢያ ላይ ወድቀው ክንዳቸው ከተሰበረ በኋላ ነው።

ሚስቱ ከእናቱ ክፍል ማበጠሪያ ይዛ ወጣች። "ቀስ በል እንጂ፣ ገና አሁን ጋደም ማለታቸው ነው።"

"አለቀ፤ ይቺ የመጨረሻዋ ናት።"

አግዳሚውን በመዳፏ ዳበሰችው። "እግሩ ሥር ጎማ ምታበት፣ እንዳይንሸራተት። እኔ እንደሆነ ወለል መወልወል ራሱ ያስፈራኝ ጀምሯል።" ሳቅ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም። "እህትህ ዛሬም ስልኬን አላነሳችም።"

እሱ ብሎን መፈለግ ያዘ። ብሎኑ እጁ ላይ ነበር።

ያን ቀን ለምሳ ሲጣደፍ መጥቶ፣ ጭቃ የጠገበ ቦት ጫማውን መግቢያው መሃል አሽቀንጥሮ ነበር የገባው። እናቱን ጠልፎ የጣላቸው ያ ጫማ ነው። ሚስቱ ጩኸት ሰምታ ከጓሮ እየሮጠች ስትደርስ እሱ ጫማውን በእግሩ ገፍቶ ከበሩ ውጭ አድርጎት ነበር። ሐኪሙ ሲጠይቃቸው እናቱ ወደ ልጃቸው አየት አድርገው፣ "ወለሉ እርጥብ ነበር፣ አዳልጦኝ ነው" አሉ። ወለሉን የወለወለችው ሚስቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሱም ዝም አለ። ይኸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም እንዳለ ነው፤ እሷ ግን አማቷን ስታጥብ፣ ስታለብስ፣ ስታጎርስ ከረመች።

መሰርሰሪያውን አስቀምጦ ወደ እናቱ ክፍል ገባ። አልተኙም።

"እማዬ፣ ልነግራት ነው።"

"ምኑን?"

"የጫማውን ነገር።"

በደህናው እጃቸው ብርድ ልብሱን ሳቡ። "ተው ልጄ፣ ያለፈ ነገር አትቀስቅስ። ቤትህ ሰላም ይሁን ብዬ ነው እኮ።"

"እሷ ናት የምትወቀሰው፣ እማዬ። እህቴ እንኳ በሷ ተቀይማ ስልኳን አታነሳም።"

"ምራት ወቀሳ ትችላለች። እኔስ ስንቱን ችዬ የለ?"

ይህን ያሉት በደግነት ነበር። እሱን ያሳመመውም ይኸው ነው።

ሲመለስ ሚስቱ የልጆቹን ጫማ በየቁመቱ ትደረድራለች። የእሱንም ቦት ጭቃውን ፍቃ ቦታ ሰጥታዋለች።

"ነይ እስቲ፣ ቁጭ በይ" አላት።

"ሥራ አለብኝ።"

"በናትሽ፣ ለአንድ አፍታ።"

አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስልኩን አውጥቶ እህቱ ጋ ደወለ፤ ድምፁንም ሚስቱ እንድትሰማ ከፍ አደረገው። ደንግጣ ልትነሳ ስትል ክንዷን ያዛት።

"እማዬ ደህና ናት?" አለች እህቱ።

"ደህና ናት። አሁን ሳታቋርጪ ስሚኝ" አለ፤ ወደ ሚስቱ ዞሮ ለማየት ግን አልደፈረም። "ያን ቀን ወለሉ ደረቅ ነበር።"