ለጋሼ ሲባል ዝም

«ቀስ በይ እንጂ! ምን ታንኳኪያለሽ?»

ከላይኛው ፎቅ የመጣችው ነርስ የሻዩን ስኳር ሳታሟሟ ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ ለቀቀችው። የተቆጣቻት አጠገቧ የተቀመጠችው ዳቦ ጋጋሪዋ ናት። ሳሎኑን ዙሪያውን ሞልተው የተቀመጡት ለቀስተኞችም ዞር ዞር ብለው፣ ብርጭቆው ጥፋት የሠራ ይመስል፣ አዩት።

«ጋሼ እኮ ጩኸት አይወዱም» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ በሹክሹክታ። ወዲያው «አይወዱም ነበር» ብላ አስተካከለችውና እንባዋ መጣ።

ጋሼ ከተቀበሩ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ሚስታቸው ጥቁር ሻርፕ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሶፋው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። የሕንፃው ሰው ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው፤ እኛም እትዬ እንበላቸው። በቀብሩ ዕለት አልቅሰው አልቅሰው ድምፃቸው ተዘግቷል። አሁን ግን ልባቸውን የያዘው ሌላ ነገር ነው። ሰው ሲያጽናናቸው «አሜን፣ አሜን» ይላሉ እንጂ ጆሯቸው ወለሉ ላይ ነው። ከወለሉ ደግሞ ምንም አይመጣም።

ቤታቸው አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሥራቸው ልብስ ሰፊው አለ፣ ከነሦስት የስፌት መኪናው። ከእሱ ቀጥሎ ባትላሜራው አለ፤ የተጋጨ መኪና በመዶሻ እየቀጠቀጠ የሚያቃና። ከላያቸው ባለ ተረከዝ ጫማ የምትወደው ነርስ አለች። ደረጃው ላይ ደግሞ ገመድ የሚዘሉ ልጃገረዶች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይህ ቤት ከታች ሲንጫጫበት፣ ከላይ ሲረገጥበት ኖሯል። ከቀብሩ ወዲህ ግን ጭጭ። እትዬ መጀመሪያ «ጆሮዬን ልቅሶው ደፈነው» ብለው ነበር፤ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ጠብ ጠብ ሲል ሲሰሙ ግን ጆሯቸው ደህና መሆኑን አወቁ።

«ተገላገልን ብለው ይሆን?» አሉ በሆዳቸው። ይህች ሐሳብ አንጀታቸውን ቆረጠችው።

ልጃቸው ከጎናቸው ጎንበስ አለ። «እማዬ፣ እንግዲህ ነገ ከምሳ በኋላ እንሄዳለን። ክፍልሽ ተዘጋጅቷል።»

«እሺ» አሉ።

በቀብሩ ዕለትም እሺ ብለዋል። ልጁ የሚኖረው ከከተማው ዳር፣ አዲስ በተሠሩት ቤቶች መካከል ነው። ዘበኛ አለው፣ ሣር አለው፤ ወፍ ብታስነጥስ ይሰማል። ብቻዋን ለቀረች እናት ከዚህ የተሻለ የለም ብሎ አምኗል። ደግ ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም። እትዬም እሺ ያሉት ባልም ድምፅም የሌለበት ቤት ውስጥ ተጎልቶ መክረሙ ስላስፈራቸው ነው። ችግሩ፣ አንዴ ከወጡ መመለስ የለም። ቤቱ የኪራይ ነው፤ ነገ ቁልፉን ቢያስረክቡ ከነገ ወዲያ ሌላ ሰው መጋረጃ ይሰቅልበታል።

ጋሼን ያላወቀ ይህን ሰፈር አላወቀውም። ዕድሜ ልካቸውን የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ቆጣሪውን ተዉት፤ ማንበቡን ግን ማን ሊያስተዋቸው! ክርናቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ሰፈሩን ያነባሉ፣ ከዚያ አስተያየት ይሰጣሉ። ያልተጠየቁትን ማለቴ ነው፤ የተጠየቀውንማ ማንም ይሰጣል።

«የጠዋቱ ዳቦሽ እጅሽ ይባረክ ያሰኛል» ይሏታል ዳቦ ጋጋሪዋን፤ «የማታው ግን ከጥርስ ሐኪሙ ጋር ተማክረሽ የጋገርሽው ነው።» የፌርማታው አግዳሚ ወንበር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተከሉ ያንገበግባቸው ነበር። «አውቶቡሱ በግድግዳው ውስጥ ነው እንዴ የሚመጣው?» እያሉ አላፊ አግዳሚውን ይጠይቃሉ። በረንዳ ላይ ቆሞ በስልክ የሚነታረክ ሰው ጉዳዩን ለሰፈር ካቀረበ ሰፈሩም ብይን ቢሰጥበት መቀየም የለበትም ባይ ናቸው። ብይኑን የሚሰጡት ደግሞ እሳቸው ናቸው፣ በመስኮት። «አንተ ሰው፣ ጥፋቱ ያንተ ነው! ይቅርታ ጠይቃትና ግባ!» ነርሷ በጠዋት ስትወርድም «አንቺ ልጅ፣ በሽተኛ ልታድኚ ነው ወይስ ፎቅ ልታፈርሺ የምትሄጂው?» ይሏታል።

ዋናው ጉዳያቸው ግን ከታች ነበር። ከምሳ በኋላ ጋደም ከማለታቸው በፊት መስኮቱን ብርግድ ያደርጉና «አንተ ልብስ ሰፊ! ሰው ይተኛበት! አንተስ ባለ መዶሻ፣ ያ መኪና ምን በደለህ?» ብለው ይጮኻሉ። «እሺ ጋሼ!» ይላሉ ሁለቱም ከታች። አንድ ደቂቃ ያህል ዝም ይባላል። ከዚያ ጠርርር፤ ከዚያ ጓ፣ ጓ። ጋሼም መስኮታቸውን ዘግተው ይተኛሉ።

እትዬ በሃፍረት ይሸማቀቁ ነበር። ደረጃ ላይ ሰው ሲያገኙ አቀርቅረው ነው የሚያልፉት። «አንተ ሰውዬ፣ ከሰው ሁሉ አቆራርጠህ ልትጨርሰኝ ነው» ሲሏቸው፣ ጋሼ የተበደሉት እሳቸው ሆነው «ምን አደረግኩ? አስተያየት ነው የሰጠሁ» ይላሉ።

ነርሷ ብርጭቆዋን ይዛ መጥታ እትዬ አጠገብ ተቀመጠች። «አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች ጆሯቸው ሥር። «አምና እግሬ ወልቆ ሳምንት ሙሉ በነጠላ ጫማ ነው የተመላለስኩት። በሦስተኛው ቀን ጋሼ በሬን አንኳኩ። ‹ለምንድን ነው ኮቴሽ የማይሰማው? አሞሻል?› አሉኝ። ፋሻውን ሲያዩ ‹እንኳንም ጸጥ አልሽ፣ አረፍን› ብለው ሄዱ። ከዚያ በየቀኑ ዳቦ በሬ ላይ ተንጠልጥሎ አገኝ ነበር፤ ያውም የጠዋቱን።»

እትዬ ዓይን ዓይኗን አዩዋት። ጋሼ ዳቦ ሊገዙ ብለው ወጥተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱባቸው ጠዋቶች ትዝ አሏቸው። «አይ አንተ ሰውዬ» አሉ፤ ለቀስተኛ ፊት መሳቅ ነውር ባይሆን ይስቁ ነበር። ለዚች ልጅ የሚነግሯት አንድ ነገር አፋቸው ድረስ መጣና ዋጡት።

የዋጡትን ነገር ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ልጃቸው «አንድ ሳምንት እኔ ጋ እረፉ» ብሎ ወሰዳቸው። ጋሼ «በመጨረሻ እንደ ሰው ልተኛ ነው» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አውጀው ሄዱ። በመጀመሪያው ቀን ከምሳ በኋላ ጋደም አሉ፣ ተገላበጡ፣ ተነሡ። በሁለተኛው ቀን አልጋ ቀየሩ። በሦስተኛው ቀን ትራሱ ነው አሉ። በአራተኛው ቀን ዓይናቸው ደም መስሎ፣ ጫማቸውን አድርገው መጡና «ቤት ቧንቧ ከፍተን ነው የመጣን» አሉ።

«እኔ ራሴ ዘግቼዋለሁ» አሉ እትዬ።

«ቆጣሪው እየዞረ ነው እልሻለሁ! እኔን ነው ስለ ቆጣሪ የምታስተምሪኝ?»

ተመለሱ። ጋሼ ቧንቧ የሚባል ነገር ዞር ብለውም አላዩ። ከነኮታቸው አልጋው ላይ ዘፍ አሉ። ከታች መኪናው ጠርርር ሲል፣ መዶሻው ጓ ሲል፣ ማንኮራፋት ጀመሩ። እትዬ አጠገባቸው ቆመው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ሲነቁ «ታዲያ በየቀኑ የምትጮኽባቸው ለምንድን ነው?» አሏቸው።

«ካልጮህኩ መኖሬን በምን ያውቃሉ?» አሉ ጋሼ። ከዚያ ቆፍጠን ብለው ተነሥተው ተቀመጡ። «ስሚ፣ ይህን ለማንም እንዳትናገሪ። ብሞትም እንኳ። ሰው ከሰማ መሳቂያ ነው የምሆነው፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይፈራኛል? ቃል ግቢልኝ።»

እትዬ እየሳቁ ቃል ገቡ።

ጋሼ በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልብስ ሰፊው መጣ። ሜትሩን ማውለቅ ረስቶ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። እትዬ ፊት ዝቅ ብሎ ተቀመጠ።

«እግዜር ያጽናዎት እትዬ። ጎደለኝ የሚሉት ነገር ካለ እኛ አለንልዎት።»

«ሥራ ፈታህ እንዴ ልጄ? መኪናህ አይሰማም» አሉ እትዬ እንደ ዋዛ።

ልብስ ሰፊው አቀረቀረ። «ተስማምተን ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ ዓመት ዝም በሉ ሲሉን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለን ኖርን። አሁን እንኳ እንስማቸው አልን። አንድ ወር ሙሉ ከዚህ ሕንፃ ድምፅ አይወጣም። እኔ በእጄ ነው የምሰፋው። ባትላሜራው መዶሻውን በጨርቅ ጠቅልሎ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፎበታል። ነርሷ ደረጃውን በካልሲ ነው የምትወርደው። ልጆቹም እሺ ብለዋል።» የሜትሩን ጫፍ በጣቱ ጠቀለለ። «ደግሞ ሥራውም አልጥም ብሎኛል። መኪናውን ባስነሣስ ማን ይቆጣኛል?»

እትዬ የሚገቡበት ጠፋቸው። ተገላገልን ብለው አይደለም ለካ! እነዚህ ሰዎች ጋሼን ወደዋቸው ኖሯል። ደስ አላቸው፤ በዚያ ደስታ ላይ ደግሞ ድንጋጤ መጣባቸው። አንድ ወር! ሰውየው አራት ቀን ያልቻለውን ጸጥታ ነው ስጦታ ብለው የሰጡት። «ኧረ ልጄ፣ እሱ እኮ...» አሉና አፋቸው ክፍት እንደሆነ ቀረ። ቃል ገብተዋል። ሰው ገና ሦስት ቀን ሳይሞላው ምሥጢሩ ይዘረገፋል?

«እግዜር ይስጣችሁ» አሉ በመጨረሻ።

ልብስ ሰፊው እጅ ነሥቶ በጣቱ ጫፍ እየተራመደ ወጣ።

ከምሳ በኋላ ልጃቸው ሻንጣዎቹን በር ላይ ደረደረ። «እማዬ፣ የመኝታ ቤቱ ብቻ ነው የቀረው። እኔ ልሰብስበው?»

«ተው፣ እኔ ነኝ የምሰበስበው።»

ገብተው በሩን መለስ አደረጉ። አንሶላውን አጠፉ። የጋሼን ትራስ አንሥተው የትራሱን ልብስ ሲያወልቁ አንድ ሽበት ተጣብቆበት አገኙ። የጸጉራቸው ቅባት ይሸታል። ጨርቁን አፍንጫቸው ላይ ደፍተው «የት ሄድክብኝ? የት ሄድክብኝ አንተ ሰውዬ?» ብለው አለቀሱ። ሲያለቅሱ ራሳቸውን ሰሙት። ቤቱ ጭር ከማለቱ የተነሣ እያንዳንዱ ሳግ ግድግዳውን መትቶ ይመለሳል። እዚህ ቤት ተቀምጦ ይህን ማዳመጥ አይቻላቸውም፤ ትቶ መሄዱንም አልቻሉትም። ጨርቁን ሲጨመድዱት ጣታቸው ስፌቱ ላይ አረፈ። ጠበቅ አድርገው ያዙትና ሳቡት። ቋ ቋ ቋ እያለ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተተረተረ።

ፊታቸውን ታጠቡ። ልጃቸውን «መጣሁ» ብለው፣ ሻንጣዎቹን ተሻግረው ወረዱ።

ልብስ ሰፊው በር ላይ ተቀምጦ አንድ እጅጌ በእጁ ይጠቀጥቃል። ሲያያቸው ብድግ አለ።

«ይህን ስፋልኝ።»

ገለባብጦ አየው። «እትዬ፣ ይሄ እኮ አልተቀደደም፤ ተተርትሮ ነው። ክሩ ገና ተንጠልጥሏል።»

«ታዲያ ስፋዋ!»

«እሺ፣ እሺ። አሁኑኑ በእጄ...»

«በእጅ አልወድም። በመኪና ስፋልኝ።»

«እትዬ! ጋሼ ምን ይሉኛል?»

«ትራሱ የራሱ ነው። ቢጠይቅህ እሷ ናት ያዘዘችኝ በለው።»

ልብስ ሰፊው ግራ ቀኙን አየ። መኪናው ላይ የጣለውን ሸማ ገፈፈና ተቀመጠ። እግሩ ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ ረገጠው። ጠርርር! እትዬ ግድግዳውን ደገፍ ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከጎን ባትላሜራው እየሮጠ መጣ።

«አንተ ምን ሆነሃል? ተስማምተን አልነበረም እንዴ?»

ልብስ ሰፊው እግሩን ሳያነሣ በአገጩ ወደ እትዬ ጠቆመ።

የትራስ ልብስ ስፌት ደግሞ አጭር ነው፤ አለቀ። ክሩን ቆርጦ ዘረጋላቸው። ጭርታው ተመልሶ መጣ። ልጃቸው በሩ ላይ ቆሟል።

«እማዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው? ዕቃው ተጭኗል እኮ።»

እትዬ ልጃቸውን አዩት። ጨርቁን አዩት። ከዚያ ሁለተኛውን ጎን ይዘው ሁሉም እያያቸው ቋ ቋ ቋ አደረጉትና መኪናው ላይ አኖሩት።

«ይሄኛውም ጎን ላላ ብሎብኛል» አሉ።

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ ዓይናቸውን አየ። ጨርቁን መርፌው ሥር አስገብቶ ረገጠ፤ በዚህኛው ጊዜ ቀስ እያለ ነው። ባትላሜራው ትንሽ ቆመና ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። የቁምሳጥን በር ሲከፈት ተሰማ። አንዴ ጓ አለ፤ የሚቆጣው ሰው እንዳለ ለማየት ይመስላል ጠበቀ። ከዚያ ጓ፣ ጓ።

«ይሄ እስኪያልቅ ልጠብቅሽ ወይስ...» አለ ልጃቸው፤ ከጩኸቱ የተነሣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«አትጠብቀኝ። ሻንጣዎቼን ወደ ላይ መልስልኝና አንተ ሂድ።»

«መቼ ልምጣ ታዲያ?»

ልብስ ሰፊው ሁለተኛውን ጎን ጨርሶ ሲዘረጋላቸው እትዬ ተቀበሉትና የሦስተኛውን ጎን ክር በጥርሳቸው ይዘው መጎተት ጀመሩ።