የጄሪካኑ ውሃ

ጋሽ ኪዳነወልድ የኮሌጁን ቤተ ሙከራ ዕቃ ማጠብ ከጀመሩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ያን ቀንም እንደ ልማዳቸው ከአቦከር ሰፈር በእግራቸው መጥተው ቀድመው ቢገቡ መብራት የለም። ውሃውን አትንኖ የሚያጣራው መሣሪያ ቀጥ ብሏል፣ የተመራቂ ተማሪዋ የናፊያ የተጣራ ውሃ ጠርሙስም ባዶ ነው። ልጅቷ ደግሞ የቀራትን አንድ ብልቃጥ የቶሪየም ብረት ጨው ዛሬ አጣርታና በምድጃ አቃጥላ መጨረስ አለባት፤ ነገ ምድጃው የሌላ ሰው ተራ ነው። ሥራዋ እንዳይቆም ብለው ከፈላና በር ሰፈር በጄሪካን የመጣውን ውሃ በጨርቅ ሁለቴ አጥልለው ሞሉላት። ኩልል ያለ ውሃ ነው፤ ምን እንከን ይወጣለታል?

አራት ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ናፊያ ጓንትና ጭምብሏን አድርጋ፣ ጨዉ በሟሟበት ፈሳሽ ላይ ኦክሳሊክ አሲድ ጠብ ጠብ አደረገችበት። ነጭ ነገር ረግቶ ከሥር ዘቀጠ። አጥልላ፣ በጠርሙሱ ውሃ ሦስቴ አጠበችው።

«ማሻ አላህ! ጋሼ፣ ይዩልኝማ!»

«ሙሽራ መስሏል። ያንቺንም እንዲሁ ያሳየኝ።»

«እርስዎ ደግሞ ሁሌ ሠርግ! እሱ እንኳ ንጹሕ ሆኖ ይውጣልኝ። ያለፈው ሲመረመር ኖራ ተገኘበት ብለው መለሱብኝ። ለካ የቧንቧ ውሃ ነክቶት ኖሯል! የውሃችን ኖራ ከአሲዱ ጋር ተያይዞ እሱም ነጭ ሆኖ ይቀመጣል፣ በዓይን አይለይም። አንዴ ምድጃ ገብቶ ከተቃጠለ አበቃ፣ ኖራውን ማውጣት አይቻልም።»

ጋሽ ኪዳነወልድ ደንግጠው መጥረጊያ አነሱ። የተጠረገውን ወለል ደግመው ጠረጉ። ዝም ቢሉ ማን ያውቃል? ለጡረታቸው ሁለት ወር ነው የቀረው፤ አንድ ቀን «ኪዳኔ አበላሸ» ተብሎ አያውቅም።

ነጩ ደረቀ። ናፊያ በሸክላ ስኒ አድርጋ የምድጃውን በር ከፈተች።

«ቆዪ!» አሉ። «ውሃው የጄሪካን ነው። እኔ ነኝ የሞላሁት።»

«ወላሂ? ጠርሙሱን አይንኩብኝ ብዬ ስንቴ ነግሬዎታለሁ?»

«አሥሬ ነግረሽኛል።»

ስኒውን አስቀምጣ ጭንቅላቷን ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ ብድግ አለች። «ደግነቱ አልተቃጠለም። ቀጠን ያለ ናይትሪክ አሲድ ኖራውን አሟሙቶ ይወስደዋል፣ ቶሪየሙን አይነካውም። የውሃ ማጣሪያውን ይሰኩልኝ፤ ቶሎ!»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደገና ታጥቦ ደረቀ። ናፊያ መዝገቡን ገልጣ፣ «በስህተት ያልተጣራ ውሃ ነክቶት በአሲድ ታጥቧል» ብላ ጻፈች።

«ማን እንደሞላው ጻፊ እንጂ» አሉ።

«ይቅር ጋሼ፣ ሳይቃጠል ደርሰንበታል።»

«ጻፊ! ሌላ ሰው ሊጠረጠርበት ነው?»

ናፊያ ስማቸውን ጻፈች። እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ፈረሙበት፤ ከዚያ ስኒው ምድጃ ገባ።