የማራገቢያው ማብሪያ

መካኒኩ ሁለቱን ሽቦዎች ከባትሪው ጋር ሲያነካካቸው የመኪናዋ ማራገቢያ ድንገት ተነሳና እየጮኸ ይሽከረከር ጀመር። ጡረተኛው ሹፌር ወገቡን ይዞ፣ ኮፈኑ ሥር እየተመለከተ፣ እንደተሰደበ ሰው ፊቱን አኮሳተረ።

«አሁንማ ይሠራል! መንገድ ላይ ነው የሚከዳኝ።»

«ጋሼ፣ የማራገቢያውን ሞተር ፈትቼ አየሁት፣ ካርቦኑንም ቀየርኩት። ፊውዙም ደህና ነው። መኪናዋ ለምን እንደምትፈላብዎት ግራ ገባኝ።»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ? መካኒኩ አንተ አይደለህ እንዴ?»

ሚስቱ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ የታመመ ጉልበቷን ታሻለች። መኪናዋ ለምን እንደምትፈላ እሷ ታውቃለች። ሙቀቱ ሲጨምር ማራገቢያውን በራሱ የሚያስነሳው ዕቃ ከሞተ ቆይቷል። ያኔ ባሏ ሌላ ከመግዛት ብሎ ሽቦ ጎተተና ከመሪው አጠገብ ማብሪያ ማጥፊያ ገጠመ፤ ያውም ከመኝታ ቤታቸው ግድግዳ የተነቀለ ነጭ የመብራት ማብሪያ። የሙቀቱ መርፌ ከመሃል ሲያልፍ እሱን ቀጭ ማድረግ ብቻ ነው። ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ ለነዳ ሰው ይሄ ምኑም አልነበረም።

ከዚያ መርሳት ጀመረ። የመጀመሪያው ቀን መርፌው ቀዩ ላይ ሲደርስ፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ እያወራች እጇን ሰደድ አድርጋ አበራችው። አላየም፤ ወይም እንዳላየ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ሥራዋ ይኸው ሆነ። ገበያም ይሁን ሐኪም ቤት ከጎኑ አትጠፋም፣ ዓይኗም ከመርፌው አይነቀልም። ጎረቤቶቹ «እናንተማ ዛሬም ሙሽሮች ናችሁ!» ሲሏቸው አብራ ትስቃለች።

ትናንት ግን የጉልበቷ ሕመም ጠንቶባት አልጋ ላይ ዋለች። እሱ ብቻውን ወጣ።

ባልየው እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሲሄድ መካኒኩ የሹፌሩ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ነጩን ማብሪያ አየና አበራው፤ ማራገቢያው ተነሳ። አጠፋው፤ ቆመ። ወርዶ ወደ ሴትዮዋ ጠጋ አለ።

«እትዬ፣ ጋሼ ይቺን ይረሷታል እንዴ?»

«ቀስ በል፣ እንዳይሰማህ።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ከቁልፉ ጋር አገናኘዋለሁ። መኪናዋ ስትነሳ አብሮ ይነሳል፤ የሚያስታውስ ሰው አያስፈልገውም። ቀላል ሥራ ናት።»

ፊቷ ለአፍታ በራ። ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ስንት ጊዜ በከንቱ ተሳቀቀች! ወዲያው ግን ትናንት የተደወለላት ስልክ ትዝ አላት። ባሏ የፈላች መኪናውን ያቆመው ልጆቻቸው ገና ሕፃናት ሳሉ ተከራይተውት ከነበረው ቤት ደጃፍ ነው። በሩን አንኳኩቶ የከፈተችለትን ሴት «ምሳ ደርሷል?» ብሏታል፤ የደወለችላትም ይህችው ሴት ናት።

«መንገዱስ፣ የኔ ልጅ? መንገዱንም እኮ እየረሳ ነው። መኪናዋ ባትፈላ ኖሮ ትናንት ወዴት ይነዳ እንደነበር እንጃ።»

መካኒኩ ጨርቁን አንስቶ የጠረገውን እጁን እንደገና ይጠርግ ጀመር።

ባልየው እጁን እያራገፈ ተመለሰ። «እህስ፣ ምን ሆኖ ነው?»

መካኒኩ ወደ ሚስትየው ዞረ። እሷም ዓይኗን ከባሏ ላይ ሳትነቅል፣ «የማራገቢያው ሞተር ተቃጥሏል» አለች። «ለዚች መኪና የሚሆን ደግሞ የትም አይገኝም አሉ።»

ከዚያ ጠበቀች። አሁን ሲሽከረከር በዓይኔ አላየሁም እንዴ፣ ምን ያዋሽሻል ብሎ እንዲቆጣት ጠበቀች። ምነው በተቆጣኝ ብላ ተመኘች። እሱ ግን ኮፈኑ ሥር አጎንብሶ የቆመውን ማራገቢያ አየና ፊቱ በደስታ ተፈታ።

«አላልኳችሁም? ማራገቢያው ነው ስላችሁ!»

«ብለሃል» አለች። ድምጿ ተሰበረ።

«ምነው አንቺ! በመኪና ይለቀሳል እንዴ? እስኪገኝ በእግራችን ነዋ። ጉልበትሽን እኔ እደግፍሻለሁ።»

ቁልፉን መዳፏ ላይ ጣል አደረገላትና ቀድሟት ወጣ። ከጋራዡ በር ሲደርስ ቆመ። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አየ፤ ከዚያ እሷን ፍለጋ ዞረ።

«መጣሁ፣ ጠብቀኝ!» ብላ ተነሳች። ቁልፉን መካኒኩ እጅ ላይ አስቀምጣ ጣቶቹን በራሷ እጅ አጠፈቻቸው።

«ገዢ ፈልግላት» አለችውና እያነከሰች ወደ ባሏ ሄደች።