የሽኮኮዋ ትክክለኛ ቀለም

ጥር ላይ፣ አንድ ጠዋት ከቁርስ በኋላ፣ ዊልፍ የጫማ ካርቶን ታቅፎ የጎረቤቱን የሄስተርን በር አንኳኳ። ደስታው ከፊቱ ላይ ይነበባል።

«የኔ እመቤት፣ ካሜራሽን አምጪ! የመጀመሪያዬን ግራጫ ጣልኩ!»

«ጎሽ! በቃ መንደሩ ሐውልት ያቆምልዎታል» አለች ሄስተር።

በዚያ የሰሜን እንግሊዝ የካምብሪያ መንደር ግራጫ የዛፍ ሽኮኮ መግደል ያስመሰግናል። ግራጫዎቹ ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው፤ የአገሩን ቀይ ሽኮኮዎች ምግብ ይሻማሉ፣ ቀዮቹን የሚፈጅ በሽታም ያዛምታሉ። ስለዚህ የመንደሩ ማኅበር በየጓሮው የሽቦ ወጥመድ አድሏል። ደንቡ አጭር ነው፦ ቀይ ከገባች በሩን ከፍተህ ልቀቃት፣ ግራጫ ከገባ ግደለው። የከተማ አውቶብስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣውና ወደ መንደሩ ከመጣ ገና ሦስት ዓመቱ የሆነው ዊልፍ ወጥመዱን የተረከበው በቅርቡ ነው።

ሄስተር ክዳኑን ከፈተች፤ ሳቋም እዚያው ቀረ። ጀርባዋ አመድማ ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን ጭራዋ ዳማ፣ ጆሮዋ ጫፍ ላይ ረጅም ጸጉር ያላት ናት። ግራ ጆሮዋ ተሰንጥቋል። ያንን ጆሮ ሄስተር ለማኅበሩ ካላንደር ሦስት ዓመት ሙሉ ፎቶ አንስታዋለች።

«ዊልፍ፣ ይቺ ቀይ ናት።»

«አትቀልጂ እንጂ።»

«ቀይ ናት። በብርድ ወራት ጀርባቸው ይገረጣል።»

«ቀዩን አጣሁት እንዴ! ያንቺ ካላንደር ከዕቃ ማጠቢያዬ በላይ ተሰቅሎ የለ? ወጥቼ አየኋት፣ ገብቼ ካላንደሩን አየሁ፣ ደግሜ ወጣሁ። አልቸኮልኩም እኮ።»

አልቸኮለም። የቸኮለችው ሄስተር ናት።

ድሮ የሽኮኮ ጸጉር ቀለም ሲነሳ ማንንም አታስቀርብም ነበር። ከጥድ ሥር ያለው ብርሃን አረንጓዴ ይቀላቅላልና፣ ፎቶ ከማንሳቷ በፊት ጉቶው ላይ ነጭ ካርድ አስቀምጣ ብርሃኑን ትለካለች፤ ቤት ገብታም ፎቶውን በመስኮት ብርሃን ከጫካ ከለቀመችው የጭራ ጸጉር ጋር ታስተያያለች። እውነተኛውን ቀለም አግኝታው ነበር። የማኅበሩ ሰዎች ግን የካላንደሩን የጥር ገጽ አይተው «ይቺ ደግሞ ምን ነካት፣ ታማለች?» ብለው ሳቁባት። ተናደደች። ኮምፒውተሯ ላይ ቁጭ ብላ ቀዩን ጨመረች፤ እንደገና ጨመረች። አመድማው ጀርባ እሳት መሰለ፣ ሁሉም አጨበጨበ።

ዊልፍ ካርቶኑን ቀስ ብሎ ከደነ።

«እኔ ከንቱ! ወጥመዱን ዛሬውኑ እመልሳለሁ» አለ። ቀጥሎ ትንሽ ቀና አለ። «ብቻ እንኳን ከእጄ የምትበላዋ ሩቢ አልሆነች! የኔዋ ልክ እንደ ካላንደርሽ ቀይ ናት። ብርድ ስለማትወድ ጥቅምት ላይ ትሄዳለች፣ ግንቦት ላይ ብቅ ትላለች።»

ሩቢ ከመዳፉ ለውዝ ስትበላ ያነሳቻት ሄስተር ራሷ ናት። የሩቢም ግራ ጆሮ የተሰነጠቀ ነው።

«አይዞዎት» ብቻ አለችው። ሬሳዋን አብረው አጥር ሥር ቀበሩ።

ግንቦት መጣ። ዊልፍ በየጠዋቱ ለውዙን ይዞ ደጁ ላይ ይቀመጣል።

«ዘንድሮ ኮራችብኝ እኮ!» ይላል በአጥሩ ላይ። «አንቺ ጫካ ለጫካ የምትዞሪዋ፣ አላየሻትም?»

«ገና ነው፣ ትመጣለች» ትላለች ሄስተር። በተናገረች ቁጥር ራሷን ትጠላለች። ሰኔ ሲጋመስ አልቻለችም። የጥር ገጹን ፎቶ ሁለት ቅጂ ይዛ ሄደች፤ አንዱ እንዳነሳችው፣ ሌላው እንደቀባችው። ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አደረገቻቸው።

«ሁለቱም አንድ ፎቶ ነው፣ ዊልፍ። ቀዩን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሩቢ በብርድ ልክ እንደዚህኛው አመድማ ነበረች።»

ዊልፍ መነጽሩን አድርጎ አጎነበሰ። ጣቱን የተሰነጠቀው ጆሮ ላይ አሳረፈ።

«ታዲያ በየዓመቱ በብርድ፣ የሩቢን ምግብ ልትሰርቅ መጣች ብዬ በመጥረጊያ የማባርራት...»

«እሷው ናት።»

«ካርቶኑ ውስጥም።»

«አዎ። ያን ቀን ልነግርዎት ይገባ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ በተሻላት።

«አምስት ወር ዝም ብለሻል» አለ በመጨረሻ። «እኔም እየጠበቅኳት ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን የነገርሽኝ ለኔ ብለሽ ነው፣ ወይስ እንዲቀልሽ?»

መልሱ «እንዲቀለኝ» እንደሆነ ሄስተር ታውቀው ነበር፤ የቀባችውን ፎቶ ብቻ ከጠረጴዛው አነሳች።