የኮሌታ ሰፊዋ ግራ ዓይን

በሸሚዝ ፋብሪካው ኮሌታ የምትሰፋውን ሴት ሁሉም «ሞተሯ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት ጓደኞቿ ናቸው፤ የእጇ ፍጥነት ያስቃቸው ነበር። ያኔ እሷም አብራቸው ትስቅ ነበር። አጠገቧ የሚሰፉት ሁለት ሴቶች ሥራ ሲለቁ ግን ተቆጣጣሪው ምትክ አላመጣም፤ የሁለቱንም ድርሻ እሷ ላይ ደረበው።

«አንቺ እያለሽ እኔ ምን ቸገረኝ» አላት።

መጀመሪያ ያጣችው እንቅልፏን ነው፤ ቀጥሎ ሳቋን። ቤት ስትገባ ልጇ የትምህርት ቤት ወሬ ይዛ ትጠብቃታለች። እናት «እሺ፣ እሺ» ትላለች እንጂ ወሬው ጆሮዋ አይገባም። አንዱ ጉንፋን ሳይለቃት ሌላው ይደረብባታል። አፏ ይቆስላል። መርፌ የወጋው ጣቷ እንኳ አልድን ብሎ አመረቀዘ።

ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። «ተይ እንጂ፣ የኔ አውቶቡስ እንኳ ጋራዥ ገብቶ ያርፋል» አላት አንድ ቀን።

«ሥራው አይደለም የከበደኝ» አለችው። «ጠዋት ስነሳ እኔ ራሴ የለሁም።»



አንድ ሰኞ ግንባሯን በግራ በኩል እንደ እሳት ይለበልባት ጀመር፤ በማግስቱ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣባት። «ሸረሪት ሸንቶብኝ ነው» ብላ ቅባት ቀባችውና ሻሿን ዝቅ አድርጋ አስራ ሥራ ገባች። እየባሰባት ሲሄድ ፈቃድ ጠየቀች። ተቆጣጣሪው «ጭነቱ ይውጣና ትሄጃለሽ» አላት። ጭነቱ እስኪወጣ ዓይኗ ቀልቶ አብጦ ተደፈነ። ባሏ አውቶቡሱን ለባልደረባው ሰጥቶ ሐኪም ቤት ወሰዳት።

ዶክተሯ አዛውንት ሴት ናቸው። ሻሹን ፈትተው ግንባሯን አዩና «አልማዝ ባለጭራ ነው» አሉ። «በልጅነትሽ ጉድፍ ወጥቶብሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ድነናል ብለን እንረሳዋለን እንጂ ውስጣችን ተኝቶ ይኖራል። የሰውነት መከላከያ ሲዳከም አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ይነሳል።»

«ድካም ነው ያመጣው?» አለ ባሏ።

«ድካም ብቻ ነው ብዬ አልምልም። ግን እንቅልፍ ያጣ፣ መንፈሱ የዛለ ሰው ዘበኛው እንዳንቀላፋበት ግቢ ነው።» ወደ እሷ ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምነው ቀደም ብለሽ በመጣሽ፣ ልጄ።»

መድኃኒቱን ጨረሰች። ሽፍታው ደረቀ፤ ግራ ዓይኗ ግን ጉም እንደሸፈነው ቀረ።

ፋብሪካ ስትመለስ ወንበሯ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች። ተቆጣጣሪው ወደ ማሸጊያ ክፍል መራት። «እኔ እኮ ጠንካራ ነሽ ብዬ ነው» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር» አለችው።

አልተቀየመችውም። ቂም መያዝም አቅም ይጠይቃል።

አንድ እሁድ ጎረቤቷ ቀሚስ እንድታሳጥርላት አመጣች። ቤት ባላት የስፌት መኪና ሞከረች፤ ስፌቱ መስመሩን ስቶ ሄደ። ፈታ እንደገና ሰፋችው፤ አሁንም ጠመመ። ቀሚሱን አጣጥፋ መለሰችላት።

«አልቻልኩም፣ እህቴ። ሌላ ሰው ፈልጊ።»

ጎረቤቷ ከወጣች በኋላ አለቀሰች። ከታመመች ወዲህ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነው። ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ እጇን ያዘ። አይዞሽ አላላትም፤ አልቅሳ እስኪወጣላት ድረስ እጇን አልለቀቀም።