የባናው ረጋጭ

«ጫማዬን የት አደረግሽው?»

አያ ተገኘ ከመደቡ ወርደው፣ በአንድ እጃቸው ምሰሶውን ይዘው፣ የቤቱን ጥግ ሁሉ በዓይናቸው ይበረብራሉ። ልጃቸው ጽናት ጓዳ ሆና የገብስ ዱቄት ትነፋለች። ሰምታለች፤ ግን ወንፊቱን ጠንከር አድርጋ መምታት ያዘች።

«አንቺን እኮ ነው የማናግረው!»

«ጫማ ምን ያደርግልዎታል፣ አባዬ? ውጭው ቁር ነው። ይቀመጡ፣ አሁን አጥሚት አመጣልዎታለሁ።»

«አጥሚት? አራስ ነኝ እንዴ እኔ!»

ጫማው ተደብቋል። የደበቀችው ጽናት ናት፤ ያስደበቃት ደግሞ ወንድሟ አንዷለም ነው። ትናንት ከደብረ ብርሃን የመጣው አባቱን ነገ ጠዋት ከሞላሌ በሚነሳው መኪና ይዟቸው ሊሄድ ቆርጦ ነው። ዛሬ የጎረቤታቸው የመኳንንት ባና፣ ያ ወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ እንደሚረገጥ ሲሰማ፣ «አንዴ ከወጡ አይመለሱም፤ ጫማቸውን ሸሽጊ» አላት። የአባቱን ጠባይ ያውቃላ!

ደግነቱ ባና የሚረገጠው በባዶ እግር ነው። ይህ ትዝ ሲላቸው አያ ተገኘ ለብቻቸው ሳቁ። የጠዋቷን ኪኒን በአንድ ጉንጭ ውሃ አወራረዱ፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ፣ ጽናት ከጓዳ ብቅ ሳትል ሹልክ ብለው ወጡ።

እንግዲህ እውነቱ ይነገር፤ ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም። አምና ኅዳር ላይ አያ ተገኘ አውድማ መሐል ተዝለፍልፈው ወደቁ። ጤና ጣቢያ ሲወሰዱ ደም ግፊት ነው ተባለ፤ ኪኒን ታዘዘላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መደቡ ላይ ወጡ፣ አልወረዱም። በዚህ አገር ልጆች እያሉት ጀሪካን ተሸክሞ የታየ ሽማግሌ ልጆቹን ያሰድባል፤ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ወሬ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ስለዚህ የእጅ ውሃው መደቡ ድረስ ይመጣላቸዋል፣ ምግቡ ይመጣላቸዋል፣ እሳቱ ይቀርብላቸዋል። የገባ ጎረቤት ሁሉ «እንዴት ያሉ የተባረኩ ልጆች ናቸው!» ብሎ ይወጣል። ክብር ነው፤ ክብርን ማን ይከሳል? አሥራ አራት ወር ሙሉ ሲከበሩ ግን ጭናቸው ክንድ አከለ፣ እንቅልፋቸው ጠፋ፣ ማክሰኞው ከሐሙሱ ተደባለቀባቸው። ሰዉ «አርጅተዋል እኮ፣ ሰባ አራት ዓመት ቀላል ነው?» ይላል። እርጅና ብቻ አለመሆኑን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። አሁን ደግሞ ደብረ ብርሃን! አንዲት ክፍል፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ቀኑን ሙሉ የተዘጋ የግቢ በር። እዚያ ከሄዱ እንደተቀመጡ እንደሚያልቁ ቁርጡን አውቀውታል። ፈርተዋልም።

የመኳንንት ደጅ ቁልቁል ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ድሮ እያፏጩ የሚወርዱት መንገድ ዛሬ ጉልበታቸውን አንቀጠቀጠው፤ ሁለት ጊዜ የድንጋይ አጥር ተደግፈው ተነፈሱ። «ቀስ በል፣ ማን ያባርርሃል» አሉ ለራሳቸው። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሳም፤ ውስጥ እግራቸውን ይቆነጥጣቸዋል። ደስ አላቸው። እግራቸው አንድ ነገር ከተሰማው ስንት ጊዜው!

ደጁ ላይ መጀመሪያ ያገኙት እኩያቸውን እትዬ አረጋሽን ነበር፤ የፈላ ውሃ በድስት ይዘው ወደ ረጋጮቹ ሲሄዱ።

«በስመ አብ! አያ ተገኘ! እኔ እኮ ሳልቀብርዎ ቀረሁ ብዬ ነበር!»

«አንቺን ሳልቀብር? ወግጂ!»

«ኧረ አልሞት ባይ ተጋዳይ!» ብለው ውሃው እስኪፈስ ሳቁ።

የማያውቅ ካለ፣ ባና እንዲህ ነው። ሴቶቹ የበጉን ጸጉር ፈትለው፣ ሸማኔው ሠርቶ ካወረደው በኋላም ገና ንፋስ የሚያሳልፍ ነገር ነው። ሙቅ ውሃ እየተደፋበት፣ ወንዶች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ግማሽ ቀን ሲረግጡት ነው ቀዳዳው ተደፍኖ፣ ወፍሮ፣ የመንዝን ብርድ የሚመክተው። የዛሬው ለመኳንንት ልጅ ለአርሴማ ሰርግ የታሰበ ነው። ስምንት ጎረምሶች አራት ባራት ፊት ለፊት ገጥመው ሰፊው አለት ላይ ይረግጣሉ። በዚህ ሥራ በሰፈሩ የአያ ተገኘን ያህል የተጠራ አልነበረም፤ ግጥም የሚያወጡትም፣ «ደርሷል» ብለው የሚፈርዱትም እሳቸው ነበሩ።

መኳንንት ሲያያቸው ደነገጠ።

«ምነው በባዶ እግርዎ! ኧረ ቆዳ አንጥፉላቸው! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ!»

«ቆዳህን እዚያው! አሥራ አራት ወር ተቀምጫለሁ፤ የቀረኝ መቀመጥ የለም። ቦታ ልቀቁልኝ።»

ጎረምሶቹ ተያዩ። ሽማግሌ እንቢ አይባልም፤ ሽማግሌ ደግሞ አይረግጥም። ሁለቱ ሕግ ተጋጭቶባቸው ቆመው ቀሩ። አያ ተገኘ አልጠበቋቸውም። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቀለሉና መሐል ገብተው የሁለቱን ትከሻ ያዙ። ሙቁ ውሃ በጣቶቻቸው መሐል ሲገባ «እሰይ!» አሉ ጮክ ብለው። ከዚያ ድምፃቸው ወጣ፤ ሻካራ ቢሆንም ወጣ።

«እርገጠው ባናውን፣ እርገጠው በተራ፣
ቁር ሊወርድብን ነው ከጓሳ ተራራ።»

«እርገጥ!» አሉ ጎረምሶቹ። ደማቸው ሞቀ።

«አረጀ አላችሁኝ ጸጉሬን አይታችሁ፣
እግሬን ጠይቁልኝ ደከምክ ወይ ብላችሁ!»

«እርገጥ!»

እትዬ አረጋሽ እልል አሉ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ይህን እልልታ ነው አንዷለም ከላይ ሆኖ የሰማው፤ እየሮጠ መጣ።

«አባዬ! ይውጡ! ኧረ በማርያም ይውጡ!»

አያ ተገኘ ወጡ። እንዳይዋሽ፣ በልባቸው አመስግነውታል፤ ጉልበታቸው ሊከዳቸው ምንም አልቀረውም ነበር። አለቱ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ልጁ ግን ይህን አላየም፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እንደዚህ ሊሞቱብኝ ነው? አምና ያ ስልክ ሲደወል፣ አባትህ አለቁ ሲሉኝ፣ መሥሪያ ቤት ወለል ላይ ነው የተቀመጥኩት። ዳግመኛ ያን ስልክ አልሰማም! ቢወድቁስ?»

«ብወድቅ ታነሳኛለህ።»

«እኔ ባልኖርስ?»

«መኳንንት ያነሳኛል።»

«ባይነሱስ?»

«ያን ጊዜማ ትቀብረኛለሃ! ለዚያ ነው ልጅ የሚወለደው።»

ጎረምሶቹ ሳቃቸውን ዋጡ። አንዷለም አልሳቀም፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አባትየው ይህን ሲያዩ እጁን ስበው አጠገባቸው አስቀመጡትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስማኝ ልጄ። ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። የገና ማግሥት ጠዋት ስነቃ የእናትህን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስሟን አጣሁት።»

«እንዴት አጣሁት ይላሉ?»

«አጣሁት ነዋ! ሃምሳ ዓመት የጠራሁት ስም! ፊቷ አለ፣ ሳቋ አለ፣ ስሟ የለም። ጽናትን እንዳልጠይቅ አፈርኩ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ስፈልገው ዋልኩ፣ አልቅሼም ነበር። ሲመሽ በጎቹ ሲገቡ ሰምቼ፣ ተነስቼ በሩ ድረስ ስሄድ ነው የመጣልኝ። ኮከቤ! ኮከቤ!» ስሙን እንዳያመልጣቸው ደግመው ጠሩት። «መውደቅ የአንድ ቀን ነገር ነው፣ አንዷለም። እናንተ መደብ ላይ ሰቅላችሁኝ በየቀኑ ነው የማልቀው። ደም ግፊቱ ሳይሆን ክብራችሁ ነው የሚገድለኝ።»

አንዷለም የአባቱን እግር፣ ከውሃው የተነሳ ቀልቶ የሚጤሰውን እግር አየ። ያኔ ከኋላቸው የጽናት ድምፅ ተሰማ፤ የተደበቀውን ጫማ ይዛ ተከትላ መጥታ ቆማለች።

«ነርሷ… ነርሷ እኮ ይራመዱ ብላ ነበር።»

«ምን አልሽ?» አለ ወንድሟ።

«አምና ነው። ኪኒኑን ሳያቋርጡ በየቀኑ ይራመዱ፣ አቅማቸው የሚችለውን ይሥሩ፣ ከሰው ይዋሉ፣ ጨው ቀንሺላቸው ነው ያለችኝ። ጨውን ቀነስኩ።»

«ሌላውንስ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሰው ምን ይለናል ብዬ ነዋ! አባታቸውን በስተርጅና ያስለፋሉ ሲባል አንተ ደብረ ብርሃን ነህ፤ የምሰደበው እኔ ነኝ!»

አያ ተገኘ ደማቸው ፈላ። «አሥራ አራት ወር! ለሰው አፍ ብለሽ አባትሽን በቁሙ ቀበርሽው?» አሉ። ጽናት በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ተንሰቀሰቀች። ንግግራቸው ጠንከር እንዳለባት ወዲያው ታወቃቸው፤ ሌሊት ሌሊት እየተነሳች ጋቢ የምትደርብላቸው ይህችው ልጅ ናት። «በቃ፣ ተይው። ከነገ ጀምሮ ለሚሰድብሽ ሰው እኔ መልስ እሰጠዋለሁ፤ አፍ አለኝ።»

«ደርሷል! አውጡት!» አለ በዚህ መሐል መኳንንት ከወዲያ።

አያ ተገኘ ተነስተው፣ ባናው ላይ ቆመው፣ ዳር ዳሩን በውስጥ እግራቸው ዳበሱት።

«ማነው ደርሷል ያለው? መሐል መሐሉን ረግጣችሁ ዳሩን ረስታችሁታል! ይሄ ለሙሽራ ነው ወይስ ለብቅል ማስጫ?»

መኳንንት ጎንበስ ብሎ ዳሩን በጣቱ ቢገፋው ጣቱ ሊያልፍ ምንም አልቀረውም። «እውነትዎን ነው» አለ አፍሮ። ስምንት ሰው ያላየውን የአንድ ሽማግሌ እግር አገኘው። ባናው ታጥፎ ዳሩ ወደ መሐል መጣ፤ አዲስ ውሃ ተደፋ። አያ ተገኘ ገቡ። አሁን ግን እንደ ቅድሙ በእልህ አይደለም፤ አንድ ዙር ይረግጣሉ፣ አንድ ዙር አለቱ ላይ ያርፋሉ፣ ደግሞ ይገባሉ። አንዷለም መጀመሪያ እጆቹን ዘርግቶ፣ ልጇ እግር እንደተከለላት እናት ዙሪያቸውን ሲዞር ቆየ። ሦስተኛው ዙር ላይ እጆቹን ኪሱ አስገባ። አራተኛው ላይ «እርገጥ!» ሲል እትዬ አረጋሽ ሰምተውታል።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ አያ ተገኘ ራሳቸው «ደርሷል» ብለው ፈረዱ። ባናው ተጨምቆ አጥር ላይ ተሰጣ። የመኳንንት ግቢ ጠላና ምግብ ይሸት ጀመር።

እዚህ ሰፈር የደቦ ማዕድ ሥርዓት አለው። በግድግዳው ጥግ፣ ፀሐዩ ላይ፣ የበግ ቆዳ ይነጠፋል። ቄሱና ሽማግሌዎቹ እዚያ ይቀመጣሉ፤ ቀድመው የሚበሉት እነሱ ናቸው። ረጋጮቹ መሬት ላይ ሆነው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ የሚደርሳቸውም መጨረሻ ነው። ቄስ አትናቴዎስ ባርከው እንደጨረሱ መኳንንት ጠራ።

«አያ ተገኘ፣ ከፍ ይበሉ! ከቄሱ ጎን ቦታዎ ይኸውልዎት!»

ቦታው ያምራል። ቆዳው ወፍራም ነው፣ ግድግዳው ለጀርባ ይመቻል። እግራቸው ዝሏል፤ ርቧቸዋልም፣ እንዲህ የራባቸው ካምና ወዲህ ዛሬ ነው። ሰዉ ሁሉ እስኪነሱ ይጠብቃል። ቄሱም እጃቸውን ዘርግተውላቸዋል።

አያ ተገኘ ባሉበት፣ እግራቸው ገና ካልደረቀው ጎረምሶች መሐል፣ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«አባዬ፣ ኧረ ይነሱ፤ ሰው እያየ ነው» አለች ጽናት በሹክሹክታ።

«ይየና! የረገጥኩትንም አይቷል። ረጋጭ ከረጋጮች ጋር ነው የሚበላ።»

አንዷለም እጃቸውን ይዞ ሊያነሳቸው ጎንበስ አለ። እሳቸው ግን እጁን ያዙና ወደ ቆዳው በኩል ቀስ አድርገው ገፋ አደረጉት።

«ሂድ፣ ከቄሱ ጎን አንተ ተቀመጥ። እንግዳ ነህ፣ ነገ ደግሞ ብቻህን ረጅም መንገድ ትሄዳለህ። እኔ ነገ የጎረቤታችንን የስንታየሁን ባና እረግጣለሁ።»

አንዷለም አባቱን አየ፤ ቄሱን አየ። ከዚያ ሄዶ ቆዳው ላይ ተቀመጠ። ምግቡ በፊታቸው አልፎ ወደ ላይ ሲሄድ አያ ተገኘ ምራቃቸውን ዋጥ አደረጉ፣ እግራቸውን ፀሐዩ ላይ ዘረጉ፣ ተራቸውን ጠበቁ።